ለቀሚሱ የላክሽው ልክ

ኅዳር ፮፣ ማክሰኞ። ጠዋት ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ሸጫለሁ።

ልጄ ሆይ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ተሽሎታል፤ ምላሱ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

ለእህትሽ ሠርግ የምትለብሺውን ቀሚስ ልክ ለልብስ ሰፊያችን ሰጠሁት። አየት አድርጎ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ የልጅዎ ልክ ነው ወይስ የልጅ ልጅዎ?»

«በላከችው ልክ ስፋ» አልኩት። «ግን በየጎኑ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ እጠፍበት። ሰውነቷ ሲመለስ ይለቀቅላታል።»

እህትሽ ሁሉን ነግራኛለች፤ አትቆጫት። ምግብ ትሸሺያለሽ፤ የወር አበባሽም ከቀረ ወራት ሆኖታል። አንቺ ደግሞ «ተገላገልኩ» ብለሻል አሉ። አልተገላገልሽም፣ የኔ ልጅ። ሰውነት ስንቅ ሲያጥረው እንደ ብልህ ነጋዴ ነው፤ ልብን ለማቆየት ሲል ሌላውን ክፍል ይዘጋል። ዝም ከተባለ አጥንትሽንም ያሳሳዋል። ይህ ሕመም ነው፤ ይታከማል። እኔም አላፍርብሽም።

ሐኪም ዘንድ ሂጂና ሁለቱንም ተናገሪ፤ የወር አበባሽ መቅረቱንም፣ ምግብ መፍራትሽንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህችን ብቻ እሺ በይኝ። ብቻሽን ከከበደሽም ሱቁን ለአክስትሽ ትቼ እመጣለሁ፤ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ጤናሽን ይመልስልሽ፤ የጎረስሽው ይስማማሽ።

ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ፓስፖርቴን ላሳድስ እሄዳለሁ።