የሦስት ጠብታ ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ሃድሊ
የኔዘርኮት ቦይ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በጤና፣ እግሮችዎም በደረቅ ወለል ላይ እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔ በሚያስተዳድሩት ቦይ ላይ «ዊሎው» በምትባል ጠባብ ጀልባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። ሌላ ቤት የለኝም። ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልኝ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግን ወደድሁ።

፩. ባለቤቴ ኖርማን ባረፈ በዘጠነኛው ቀን መርማሪ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። መርማሪው ወደ ሞተሩ ክፍል ገብተው፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሻፍት ከጀልባዋ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል በደቂቃ ሦስት ጠብታ ውሃ እንደሚገባ ቆጠሩና «ፍሳሽ፤ በአስቸኳይ ይቁም» ብለው ጻፉ። ኖርማንም ያንኑ ጠብታ በየቀኑ ይቆጥር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የዳዶ መፍቻ አንሥቼ ቀዳዳው ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ጠብታው ቀጥ እስኪል አጠበቅኋቸው። መርማሪው ተመልሰው አዩ፤ አመስግነውኝ ፈረሙ።

፪. ጀልባ በየሁለት ሳምንቱ ቦታ መቀየር እንዳለበት በማግስቱ ስላስታወሱኝም አመሰግናለሁ። ተነሣሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድሁ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የጀልባ ሞተር ሲጠግን ያረጀው ጎረቤቴ ዴዝመንድ ገብቶ አየና፣ «አንቺ ጃኒስ፣ ምን ነካሽ? አንቀሽ ገደልሽው እኮ! ጠብታው እኮ ማቀዝቀዣው ነው! ኖርማን ቢያይሽ ከነመፍቻሽ ቦይ ውስጥ ይወረውርሽ ነበር» አለኝ። መርማሪው እንዳዘዙኝ ብነግረው፣ «እሱማ ጀልባ የሚያውቀው በፖስትካርድ ነው» አለ። በሻፍቱ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተቃጥሏል፤ ሻፍቱም ተፍቋል። አሁን ጠብታ የለም፤ ውሃው ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጀልባዋ ቆማ እስካለች ድረስ በእጅ ፓምፕ እችለዋለሁ። ጀልባዋን ከውሃ አንሥቶ ለመጠገን የክሬኑ ወረፋ ሦስት ሳምንት ነው።

፫. እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዲፈቅዱልኝ ብጽፍልዎ በዕለቱ መልስ መስጠትዎ ትልቅ ትሕትና ነው። «ጀልባዋ እስካሁን ተንሳፋፊ በመሆኗ ማራዘሚያ አይሰጥም፤ እስከ ሰኞ ካልተነሣች ፈቃዷ ይሰረዛል» ብለዋል። ግልጽ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እነሣለሁ። ዴዝመንድ፣ «ሻፍቱ ከዞረ ፓምፑ አይችለውም፤ ሳትሰጥም አንድ ማይል ከሄደችልሽ ዕድለኛ ነሽ» ብሎኛል። ካርታው ላይ ለካሁት። በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ሥር ያለው ማቆሚያ ከአንድ ማይል ትንሽ ያንሳል። የኖርማንን ኮትና መሣሪያዎቹን ዴዝመንድ ዘንድ አስቀምጫለሁ። ምድጃውን አልነቀልሁም፤ ከብዶኛል።

የታዘዘችውን ሁሉ የፈጸመች፣ የቀረ ትእዛዝ ካለም ከሰኞ በፊት የምትጠብቅ ነዋሪዎ፣

ጃኒስ ትሬድዌል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንብዎን ደግሜ አነበብሁት። በአንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆም የተከለከለው ለተንሳፋፊ ጀልባ ብቻ ነው።