ከድልድዩ ማዶ ያለው ደሴት

ይድረስ ለልጄ። የረገጥሽው ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ትሠራለች።

ስትሄጂ ስልኬ ላይ ጭነሽልኝ በሄድሽው ጌም ውስጥ፣ ድልድዩ ላይ ተገናኝተን ዓሣ እናጠምድ ነበር። ከማዶ ያለው ደሴት ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚወርድ ነው ብለሽ፣ «አባዬ፣ ያዋጣል፤ ግዛውና አብረን እንሻገር» ስትዪኝ ተቆጣሁ። አርባ ዓመት ሱሪ ስሰፋ ኪሱን ለብቻው ሸጬ አላውቅም! አንቺ ተሻገርሽ፤ እኔ ድልድዩ ላይ ቀረሁ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ እዚህ ከዓሣው ጋር ልታረጅ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ማክሰኞ በሱ ስልክ ገንዘቡን አስከፍዬ ደሴቱን ገዛሁና ተሻገርኩ።

ደሴቱ ላይ የሠራሽውን ቤት አገኘሁት። በሩን ሰማያዊ ቀብተሽ፣ ደጁ ላይ ሁለት ወንበር አስቀምጠሻል። አንቺ ግን ይኸው ስድስት ቀን የለሽም። ታመሽ ነው? ሥራ በዝቶብሽ ነው? ወይስ አኩርፈሽኝ? እንዳልደውል፣ ደሴቱን ግዛ ያልሽኝ ቀን ተቆጥቼ ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት እኔው ነኝ፤ አፍሬ ነው በዚህ በተንጋደደ ፊደሌ የምጽፍልሽ።

ያዋጣል ብለሽኝ ነበር። አንቺ ከሌለሽበት አያዋጣም፣ ልጄ።

ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። እባክሽ አንድ ቀን ብቅ በይ። ከሁለቱ ወንበር አንዱ ላይ ነኝ።

አባትሽ