የሠርግሽን ሲዲ የሚያነብ ማሽን

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ አሁንም ወንበር ያስመርጥሻል ወይስ ለቀቀሽ? ባልሽና ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ሚስቴ ብቻ ሰሞኑን አኩርፋለች፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

የሠርግሽ ድምፅ ብቻ የተቀዳበት ሲዲ እኔ ዘንድ እንዳለ ታውቂያለሽ። ልክ እማዬ ወደ መኪናው ስትጠጋ ይንተባተብና ዘሎ ጭብጨባው ላይ ያርፋል። አንቺ፣ እናቴ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሸኘችኝ ብለሽ ከተቀየምሻት አሥራ አራት ዓመት ሆነ። እሷ ተናግሬያለሁ ትላለች፤ ምን እንዳለች ስትጠየቅ ግን አፏን ትለጉማለች። ምስክሩ ያ ሲዲ ብቻ ነበር።

ማሽኑን የፈለግሁት ለአንቺ ብቻ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የሙዚቃ ዕቃ ሱሴን ታውቂዋለሽ። ትራንስፖርት ይሉታል። ሲዲውን ያነባል እንጂ ራሱ ድምፅ የለውም፤ ያነበበውን ድምፅ ለሚያወጣ ሌላ ሣጥን ያቀብላል። ይህን ለሚስቴ ሳስረዳት፣ ድምፅ ለሌለው ዕቃ ነው እንዴ ቁም ሣጥኔን የምታስነሣኝ ብላ አፈጠጠችብኝ። አዲሱ የማይቀመስ ስለሆነ ያገለገለ ፍለጋ ጀመርሁ። ሻጭ ሁሉ የሚያሰማሽ የራሱን ንጹሕ ሲዲ ነው፤ በእሱማ የማይዘፍን ማሽን የለም። እኔ ግን የሠርግሽን ሲዲ በኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው።

የመጀመሪያው ሻጭ የሆቴል አስተናጋጅ ነው። ማሽኑ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። ሲዲሽን አገላብጦ አየና ድመት ቧጭሮት ነው ወይ አለኝ። ሲያስገባው እዚያችው ቦታ ላይ ዘለለ። ጥፋቱ የሲዲው ነው እያለ እስከ ደጅ ተከተለኝ።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ጫማዬን አስወልቀው አስገቡኝ። ማሽናቸው ቀለሙ የተላላጠ፣ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት፣ ለማንሣት ሁለት ሰው የሚፈልግ ነው። የሚያነብበት ሌንስ ዛሬ ስለማይመረት፣ እሱ ከሞተ ማሽኑ የበር ማስደገፊያ ነው የሚሆነው። እሳቸው ግን መለዋወጫ ሌንስ በጥጥ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ሲዲሽን መብራት ላይ አዩት፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረጉት። ቀጥሎ አፍህን ክፈት ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር።

አልዘለለም፣ እታለም። አንቺ በወዲያኛው በር ከጓደኞችሽ ጋር ስትሳሳሚ ይሰማል፤ እማዬ ደግሞ በመስኮት ለባልሽ ታንሾካሹካለች። ጠዋት ስትነሣ አታናግራት፣ ፊቷን እስክትታጠብ ተዋት ትለዋለች። ስታለቅስ ካየሃት በጥያቄ አታድርቃት፣ ዝም ብለህ አጠገቧ ተቀመጥ። እኔ እንደነገርኩህ እንዳትነግራት ደግሞ፣ ጉድ ታፈላብኛለች። እኔ አለቀስሁ፤ ሐኪሙም መነጽራቸውን አወለቁ። ሌላ ማሽን ላይ ዓይኔን ሳልጥል እሱን ይዤ ገባሁ።

ባሌ ጠዋት ጠዋት ይዘጋኛል ብለሽ ስንት ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ሰውየው ይህን ሁሉ ዓመት አደራ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ሚስቴም ሰምታ አንብታለች፤ ኩርፊያዋ ግን ቁም ሣጥኑ ቦታው እስኪመለስ ነው። ሰላም ትልሻለች። ልጃችን የአክስቱን ጉንጭ ይስማል። መንታዎቹን ሳሚልኝ፣ ትልቋን ጎበዝ በያት። ባልሽን ስለ እኔ እቀፊልኝ፣ ከቁርስ በኋላ ይሁን እንጂ። ለእማዬ የምልከውን ሰላምታ በስልክም በሰውም እንዳትልኪው፤ አንቺ ራስሽ ሄደሽ በሯን አንኳኪ።

ወንድምሽ

ከልብስ ስፌቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ጥቅምት ፱ ቀን