ስለ ጀልባ መውጫው፣ ስለ አንድ ታኮና ስለ አንዲት «በቃ»

ይድረስ ለተከበሩት የሐይቅ ዳርቻ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጀልባን ከውሃ አውጥቶ ተሳቢ ላይ ስለመጫንና በሙሉ አካል ወደ ቤት ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም አሥሩንም ጣቶችዎን ጤና ያድርግልዎ ስል ከልቤ እመኛለሁ። ጣትን ለይቼ ያነሣሁት በምክንያት ነውና ደብዳቤውን ታግሠው ካነበቡልኝ ይደርሱበታል።

እኔ የሞተር ጠጋኝ ነኝ። ከሚስቴ ወንድም ጋር በጋራ የያዝናት አንዲት የዓሣ ጀልባ አለችን። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ መረብ ይጥላል፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ሱሪ ያሳጥራል፣ ደንበኞቹም ስፌቱ ደቃቅ ስለሆነ «መርፌው» ይሉታል። ማንኛውም ጀልባ ውሃ ላይ እንዳያድር ጽሕፈት ቤትዎ በደነገገው መሠረት፣ እኛም ሌሎቹ አሥራ አንድ ባለጀልባዎችም በየቀኑ ረፋድ ላይ ጀልባዎቻችንን በሕዝብ መውጫው ተዳፋት በኩል አውጥተን፣ መኪና በሚጎትተው ተሳቢ ላይ ጭነን ወደየቤታችን እንወስዳለን። ደንቡን አልቃወምም፤ ጀልባዬ ከእኔ ጋር ብታድር ቅር አይለኝም።

እርስዎ በሥራ ብዛት እስከ ውሃው ለመውረድ ስላልተመቸዎት፣ አጫጫኑን በአጭሩ ላስረዳ ይፈቀድልኝ። ተሳቢው ወደ ኋላ እየተነዳ የጎማው ሁለት ሦስተኛ እስኪጠልቅ ድረስ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ታኮ ይገባል፤ ጀልባዋም ተንሳፍፋ ተሳቢው ላይ ትመጣና አፍንጫዋ በካቦ ይታሠራል። ከዚያ አንድ ሰው የመጎተቻውን እጀታ እያዞረ ያጠብቃታል፤ መቆለፊያው ጥርስ መያዙን በዓይኑ ካየ በኋላ ብቻ ሹፌሩ ቀስ ብሎ ይነዳል። ድካሙን ውሃው ስለሚሸከመው ሥራው ከሩብ ሰዓት አያልፍም ነበር። «ነበር» ያልኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ በመዝገብ ቤትዎ እንደማይታይ ጸሐፊዎ ነግሮኛልና።

፩ኛ. በመውጫው አናት ላይ ስላቆሙልን ማስታወቂያ እናመሰግናለን። ፊደሉ ያማረ፣ ብረቱም ጠንካራ ነው። የሚለው ግን «ተሳቢ ወደ ውሃ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ነው። ጽሕፈት ቤቱ ተሳቢ ወደ ውሃ የሚገባበትን ተዳፋት በብዙ ድካም አሠርቶ፣ ተሳቢ እንዳይገባበት በአናቱ ላይ መጻፉ ጥበብ እንዳለበት ባምንም ጥበቡ ሊገለጥልኝ ስላልቻለ ጸሐፊዎን ጠይቄ ነበር። የተሳቢዎቹ ዝገት ሐይቁን እንዳያቆሽሽ ታስቦ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ተሳቢያችንን ውሃው አፋፍ ላይ አቁመን፣ በራሷ ተንሳፍፋ ትመጣ የነበረችውን ጀልባ እንደ እልኸኛ በሬ በደረቁ እንጎትታለን። ሐይቁም ንጹሕ ሆኗል፤ ወገባችን ግን ሌላ ነገር ሆኗል።

፪ኛ. በተዳፋቱ ላይ የበቀለውን የሚያሟልጭ አረንጓዴ እንዲጠረግልን ለሁለት ዓመት ብናመለክት፣ መውጫው ታድሶ በተመረቀበት ሰሞን በላዩ ላይ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ስላስቀቡልን ውለታዎን አንረሳም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለውን ሲተርቱ የነበሩ አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ተረታቸው በሲሚንቶ ሲሠራ በማየታቸው ይደሰቱ ነበር። እርስዎ ሪባኑን የቆረጡት ከላይ፣ ከደረቁ ላይ ስለነበር ምንም አልሆኑም። ከባለጀልባዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ በዚያው ዕለት ከላይ በእግራቸው ተነሥተው ከታች በመቀመጫቸው ደርሰዋል።

፫ኛ. የዳርቻው ውበት እንዲጠበቅ ሲባል በመውጫው ላይ የሚገኝ ማንኛውም ድንጋይና ግንድ «ቆሻሻ» ተብሎ እንዲለቀም አዘዋል። ከተለቀሙት ቆሻሻዎች መካከል አንዱ የእኔ ታኮ ነበር። መርፌው ከጠንካራ እንጨት ጠርቦ፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማ ቁራጭ መትቶበት፣ በጎኑ ላይ የጀልባችንን ቁጥር በምስማር ጭሮበት ነበር። ለአምስት ዓመት መኪናችንን ያለ ደመወዝ ሲይዝልን የኖረ ታኮ ነው። እንዲመለስልን ጠይቀን፣ ንብረት ክፍል እንደዚህ ያለ ዕቃ አልተመዘገበም የሚል መልስ በማኅተም ደርሶናል። ማኅተሙ ግልጽ ነበር፤ እናመሰግናለን።

፬ኛ. ይህን ቁጥር መጻፍ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ምስጋናው እንዳይቀር። ለደኅንነታችን ተጨንቀው ፊሽካና አብረቅራቂ ሰደርያ ያለው አስተባባሪ መድበውልናል። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጀልባ ሲጫን ከዚያ በፊት አይቶ አለማወቁ የእሱ ጥፋት አይደለም። ሥራው ከታች ያለው የሚናገረውን ከላይ መሪ ለያዘው ጮኾ ማስተላለፍ ነው።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በቋንቋችን «በቃ» ማለት ብዙ ነው። ውሃ የሚቀዳልንን ሰው በቃ ስንለው አቁም ማለታችን ነው። ሥራ ጨርሰን በቃ ስንባባል ደግሞ አልቋል፣ እንሂድ ማለታችን ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት በቃ ሲባባሉ የሰማ ጎረቤት ታርቀው ይሁን ተለያይተው የሚያውቀው በማግሥቱ ነው። በመውጫው ላይ ግን ከመርፌው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየን ስለምንሠራ ይህች ቃል አስቸግራን አታውቅም ነበር።

ያን ቀን ተሳቢው ደረቅ ላይ ቆሟል፤ የመኪናው ጎማ የዘይት ቀለም ላይ ነው፤ ታኮ የለም። አስተባባሪው በመካከላችን ስለቆመ መርፌውን ላየው አልቻልኩም። እሱ እጀታውን ሲያዞር ካቦው ተጠላለፈበትና መቆለፊያው ሳይዝ ቀረ፤ እንዳልነቃነቅ ብሎም «በቃ» አለ። አስተባባሪው ፊሽካውን ነፍቶ፣ በታላቅ ትጋት፣ «በቃ ተብሏል፣ በቃ» ሲል አስተላለፈልኝ። እኔ ተጭናለች፣ አልቋል፣ ንዳ የተባልኩ መሰለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነዳሁ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ እጀታው በካቦው ኃይል ተሽከርክሮ የመርፌውን ቀኝ እጅ መታው። ሁለት ጣቶቹና የመዳፉ አጥንት ተሰብረዋል።

የእጅ ፍሬኑን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ይህን በእርስዎም በአስተባባሪውም ላይ አላላክክም፤ መርፌው በጀሶ የተጠቀለለ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ባየሁት ቁጥር ቀና ብዬ ፊቱን ላየው አልችልም። ሐኪሙ አመልካች ጣቱ እንደ ቀድሞው ለመታጠፉ ዋስትና አልሰጠም። መቀስ ያለ አመልካች ጣት እንደማይዘጋ ልብስ ሰፊ ያልሆነ ሰውም ያውቀዋል። የሰው ሱሪዎች ግማሽ ግማሹን ተለክተው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። እሱ ግን እኔን አንዴም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

፭ኛ. ከአደጋው በኋላ አሥራ ሁለታችንም ተሰብስበን ቢሮዎ ድረስ መጥተን ነበር። ወንበር ስለሰጡን እናመሰግናለን፤ የቆሙትም ስለ ግድግዳው ያመሰግናሉ። ማስታወቂያው እንዲነሣ፣ ቀለሙ እንዲፋቅ፣ ታኮ እንዲፈቀድ፣ በመውጫው ላይ የምንጠቀምባቸው ቃላት ለአስተባባሪው ተጽፈው እንዲሰጡት ለመንን። እርስዎም በትዕግሥት አዳመጡን፣ ሰዓትዎን አዩና ራስዎን ነቅንቀው «በቃ» አሉን።

ክቡር ሆይ፣ ደስታችንን ቢያዩ ኖሮ! ጡረታ የወጡት መምህር ደረጃውን ሲወርዱ ጉዳዩ አለቀ እያሉ መረቁዎት። እኔም ለመርፌው ሮጬ ሄጄ በቃ ተብሏል አልኩት። እሱም «የትኛው በቃ ብለህ ጠየቅህ ወይ?» አለኝ። አልጠየቅሁም ነበር። ሦስት ሳምንት ስንጠብቅ ምንም ስላልመጣ፣ የእርስዎ «በቃ» ሰዓቱ ደርሷልና ውጡልኝ ማለት እንደነበረች ገባን። በአንዲት ቃል ሁለት ጊዜ መታለል የእኛ ሞኝነት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንግዲህ እርስዎን ላለማስቸገር የምንችለውን ራሳችን አድርገናል። በመውጫው ላይ «በቃ» የሚለው ቃል በባለጀልባዎች ስምምነት ተሽሯል፤ ለማቆም «ቁም»፣ ለመሄድ «ንዳ» ብቻ ይባላል፤ ሹፌሩም ቃሉን ከአስተባባሪው ሳይሆን እጀታውን ከያዘው ሰው አፍ ካልሰማ፣ ፊሽካ ቢነፋም ነጋሪት ቢጎሰምም አይንቀሳቀስም። አስተባባሪው ራሱ ይህን ሲሰማ እፎይ ብሎ ፊሽካውን ኪሱ ከትቷል። ማስታወቂያዎንና ቀለምዎን ግን ያለ ፈቃድዎ ልንነካ አልደፈርንም።

የሚያስቸኩለኝ ይህ ነው። ጀልባዋ ካልወጣች ሁለት ቤት ጾሙን ስለሚውል፣ አሁን በመርፌው ቦታ ቆማ እጀታውን የምታዞረው እኅቱ፣ ማለትም ሚስቴ ናት። ነፋሱ ሊገባ አንድ ወር አልቀረውም፤ በነፋስ ጊዜ ጀልባ በደረቅ መጎተት ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ገና አላየችውም። ዘወትር ረፋድ ላይ መሪውን ይዤ፣ «ንዳ» እስክትለኝ ድረስ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቅልም። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ተሳቢው ውሃ ይንካ፣ ቀለሙ ይፋቅ። ከአንድ ቤት አንድ እጅ በቃ። ይህችኛዋ «በቃ» ቁም ማለት መሆኗን ከወዲሁ አስረዳለሁ።

ቸርነትዎ እንደ ቀለምዎ እንዲያብረቀርቅ፣ መንገድዎም እንደ መውጫችን እግር የማያንሸራትት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ በሁለቱም ጤነኛ እጆቼ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የሞተር ጠጋኙ፣ የመርፌው እኅት ባል

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ እንዲጠፋ
ለአስተባባሪው፣ ከአክብሮት ጋር
ለመርፌው፣ በግራ እጁ እንዲፈርምበት

ማስታወሻ፦ በዚያ ስብሰባ ዕለት በግድግዳው በኩል ከቆሙት አንዱ ስለነበርኩ፣ የቢሮዎ በር በነፋስ እየተመታ እንዳያስቸግርዎ ከሥሩ ታኮ ተደርጎለት አይቻለሁ። ጠንካራ እንጨት ነው፤ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አለው፤ በጎኑም የጀልባችን ቁጥር በምስማር ተጭሯል። እንዲመለስልኝ አልጠይቅም፤ በሩ ጣትዎን ቢይዝብዎ በእውነት አዝናለሁ። ታኮ ለምን እንደሚያገለግል ጽሕፈት ቤቱ አያውቅም ብለን በየመንደሩ ስናማዎት ስለከረምን ግን፣ ቃላችንን አንሥተናል።