ሰው ሳይበትኑ ፋብሪካ ያቆዩት ማዚ ሲልቫነስ ኡባጃካ

ማዚ ሲልቫነስ ኢፌጂካ ኡባጃካ ከአባታቸው ከማዚ ኡባጃካ ንዎዬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዳኩ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1951 በንኔዊ፣ ኡሙዲም ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የፓልም ዘይት ነጋዴ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምረው ነበር፤ ሆኖም በ1967 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ተቋረጠ። በጦርነቱ ዓመታት የጭነት መኪና ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ውለው አድረው ሙያውን ተማሩ። ሰላም ሲወርድ፣ እንደ ደንባችን፣ በንክዎ ገበያ ለአንድ የመለዋወጫ ነጋዴ አገልጋይ ሆነው ገቡ። ልጅ ያለ ደመወዝ ያገለግላል፤ ዘመኑን ሲጨርስ ጌታው ሱቅ ከፍቶ፣ ዕቃ ሞልቶ ይሸኘዋል። ማዚ ሲልቫነስ ስድስት ዓመት አገለገሉ። የመሸኛቸው ጊዜ ሲደርስ ግን ጌታቸው ዕቃ ጠፋብኝ ብለው በባዶ እጃቸው አሰናበቷቸው። ዕቃው ኋላ በሌላ መጋዘን ተገኘ። መልሶ የጠራቸው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ነገር በቤት ውስጥ ሲያማርሩ ተሰምተው አያውቁም። ጌታቸው ሲሞቱም ቀብራቸው ላይ ተገኝተው አፈር አልብሰዋል።

ከዚያ በኋላ በኦኒቻ በመካኒክነት እየሠሩ በማታ ትምህርት ገፍተው በ1981 በመካኒክስ ዲፕሎማ ተቀበሉ። በ1983 ከመምህርት ዩጂኒያ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው አራት ልጆች አፈሩ። በ1998 የመኪና ፋብሪካው ኡዶካ ሞተርስ ገና በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሚኒባስ ሲገጣጥም በዚያ ተቀጠሩ። በ2009 የምርት ኃላፊ ሆኑ።

በ2016 ዶላር ጠፋ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ወደብ ላይ ቀረ፤ ግቢው ወንበር በሌላቸው አውቶቡሶች ተሞላ። ከሌጎስ የመጡት አማካሪዎች ከሠራተኛው ግማሹ ካልተቀነሰ ፋብሪካው ዓመቱን አይሻገርም አሉ። ሒሳባቸው ትክክል ነበር፤ ማዚ ሲልቫነስም አልካዱትም። አንድ ዓመት ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ።

መጀመሪያ ከራሳቸው ጀመሩ። የድርጅቱን መኪና መልሰው በባጃጅ መመላለስ ያዙ፤ ልጆቻቸው ሲያፍሩ እያዩ እንዳላዩ አለፉ። ከአራቱ የመኪና ዓይነቶች ሁለቱን አስቀሩ። ናፍጣውን የሚጨርሰው የቀለም ምድጃ ስለነበር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲነድ አደረጉ። ቀለም ለመቀየር ማሽን ማጠብ እንዳያስፈልግም መኪናው ሁሉ ነጭ ሆነ። ይህ ሁሉ ተደርጎም አልበቃም።

ያን ጊዜ ወደ ፋብሪካው ባለቤት ወደ ቺፍ ንዎሱ ገብተው፣ ሊሰናበቱ የተባሉት ሠራተኞች የሚሠሩባቸውን ማሽኖች ይዘው እንዲወጡ ጠየቁ።

«ሲልቫነስ፣ ሰው ቀንስ ብልህ ማሽን ልትቀንስብኝ ነው?» አሏቸው ቺፍ።

«ኦጋ፣ ከውጭ የምናስመጣውን ወንበር፣ ሽቦ፣ ጭስ ማውጫ እነሱ እዚሁ በየደጃቸው ይሥሩልን። ደመወዝ አንከፍልም፤ የሠሩትን እንገዛለን። ያገለገለ ሰው በማሽን ይሸኛል እንጂ በደብዳቤ አይሸኝም።»

«ነገሩ እንቢ ቢልስ?»

«እንቢ ካለ መጀመሪያ የምሰናበተው እኔ ነኝ።»

ቺፍ ፈቀዱ። በግቢው ውስጥ ግን «ማዚ ፋብሪካውን በቁራጭ በቁራጭ እየሸኙት ነው፤ ነገ በሩንም ለዘበኛው ያድሉታል» እየተባለ ይሳቅ ነበር። ተሸኚዎቹም ቢሆኑ ማሽኑን የተረከቡት እየፈሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች አላዋጡም። ስፖንጁ በሳምንቱ ሰመጠ። ቺፍም ከውጭ ይምጣ ወደ ማለቱ አዘነበሉ። ማዚ ሲልቫነስ ቁጣ አላሰሙም። ወንበሮቹን አንድ አውቶቡስ ላይ አስገጠሙ፤ ወይዘሮ ኦቢያኑጁን፣ የወንበር ስፌቱን የያዙትን፣ ከነባልደረቦቻቸው አሳፈሩና ራሳቸው መሪ ይዘው ወደ አባካሊኪ ነዱ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

«ማዚ፣ በእግዜር ያቁሙልን! ወገቤ አለቀ!» አሉ ወይዘሮ ኦቢያኑጁ፣ ገና ኤኑጉ ሳይደርሱ።

«ልጄ፣ አንቺ የሰፋሽው እኮ ነው። ገዢው እስከ ሰሜን፣ እስከ ካኖ ድረስ ነው የሚቀመጥበት።»

ሳያቆሙ ደርሰው ተመለሱ። ወይዘሮ ኦቢያኑጁ ከመኪናው ሲወርዱ መቀስ አንስተው ወንበሮቹን በገዛ እጃቸው ቀደዱ። ሁለተኛው ሥራ የተሻለ ሆነ፤ ሦስተኛው ያለ አንድ ቅሬታ አለፈ።

ዓመቱ ሞላ፤ ፋብሪካው አልተዘጋም። ከተከፈቱት ወርክሾፖች ሁለቱ አልቀኑም፤ ማዚ ሲልቫነስ ባለቤቶቹን ወደ ፋብሪካው መልሰው አስገቧቸው። የቀሩት ዛሬ የራሳቸው አገልጋይ ልጆች አሏቸው።

በ2019 በጡረታ ተገለሉ። ከ2022 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 11 ቀን 2024 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። በሕመማቸው ወቅት ጠያቂ ሲመጣ ስለ ራሳቸው ከመናገር ይልቅ በምን ወንበር ተቀምጦ እንደመጣ ይጠይቁ ነበር።

ማዚ ሲልቫነስ ከባለቤታቸው ከመምህርት ዩጂኒያ፣ ከአራት ልጆቻቸው እና ከሰባት የልጅ ልጆቻቸው በሞት ተለይተዋል።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል ወይዘሮ ኦቢያኑጁና የወርክሾፕ ባለቤቶቹ ወደ ግቢው መጥተው እነሱም ከሐዘንተኛው ቤተሰብ ጋር እንዲጻፉ ጠየቁ። ከጎሳው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ እዚህ የሚጻፈው የደም ዘመድ ብቻ ነው ብለው አመነቱ። ታላቅ ወንድማቸው ማዚ ኦኔቡቺ ግን «ጌታው ሸኝቶታል፤ ጌታውን ይሸኝ። ጻፉት» አሉ። ስለዚህ ተጽፏል፦ ማዚ ሲልቫነስ ከሸኟቸው ልጆቻቸው ሁሉ ተለይተዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን ይዞ ከደጃችን የቆመው ነጭ መኪና ወንበሩም፣ ሽቦውም፣ ጭስ ማውጫውም የእነዚህ ልጆች ሥራ ነው።

ዘመናቸውን አገልግለው ወደ እርሱ የሄዱትን አባታችንን፣ የጌቶች ጌታ በባዶ እጅ አያቁማቸው። አሜን።