ባለመጣላታችን ስለ ቀረብን የኪራይ ድጎማ

ለከተማችን የአከራይና ተከራይ መደጋገፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ላሊበላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የላስታ ውርጭ እጅዎን ሳያደነዝዘው፣ የማኅተምዎም ቀለም ሳይደርቅ በጤና እንደ ከረሙ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊው ሰውአገኝ፣ በእትዬ ብርቅዬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። መስከረም ላይ ቀኝ እጄ ተሰብሮ ሥራ ፈታሁ። እትዬ ብርቅዬም ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዚያች ክፍል ኪራይ በቀር መተዳደሪያ የሌላቸው እናት ናቸው። ቢሮዎ ለእንዲህ ያለው ችግር የኪራይ ድጎማ እንደሚሰጥ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰምተን፣ ደስ ብሎን ሁለታችንም አብረን መጣን። ያጠፋነው አብረን መምጣታችን ነው።

አንደኛ፣ ድጎማው አለመግባባት ለተፈጠረባቸው አከራይና ተከራይ ብቻ መሆኑን ስላስረዱን እናመሰግናለን። እትዬ ብርቅዬ እጄ እስኪድን ኪራይ አልጠይቅህም ማለታቸው፣ አልፎ ተርፎም እያጎረሱ ማክረማቸው ከመመሪያው ጋር የሚጋጭ መሆኑን አላወቅንም ነበር።

ሁለተኛ፣ መጣላታችንን ሽማግሌ ይመስክር ስለ ተባልን፣ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወደሚያገለግሉት የነፍስ አባታችን ወደ ቄስ አዝመራው ሄድን። እርሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን የተጣላ ሲያስታርቁ እንጂ የተስማማ ሲያጣሉ እንዳልኖሩ ነግረውን፣ በመስቀላቸው ባርከው አሰናበቱን። የመልካም አስተዳደር ሥልጠና ስላልወሰዱ ነውና አይፍረዱባቸው።

ሦስተኛ፣ ባለሙያዎ እዚሁ ፊቴ ተጣሉና ልመዝግብ በማለት ያሳዩን ቸርነት አይረሳም። እኔም እባክዎ ይስደቡኝ ብዬ እትዬ ብርቅዬን ለመንኳቸው። እርሳቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና፣ እጄ የታሰረበት ጨርቅ ላልቶ ስላገኙት አጥብቀው አሰሩልኝ። ባለሙያዎ ቅጹ ላይ «ጠብ አልታየም» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት።

ክቡር ሆይ፣ ገና እየደረሰ ነው። እትዬ ብርቅዬ ክፍሏን ለበዓሉ እንግዳ ካላከራዩ የሚቀምሱት የላቸውም፤ እኔም ከወጣሁ መንገደኛ መኪና ወደሚያድርባት ጋሸና ሄጄ ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ከማደር በቀር መጠጊያ የለኝም። እርሳቸው ውጣ ማለት ከብዷቸው፣ እኔም ልቆይ ማለት አፍሬ፣ በአንድ ግቢ አንገት ደፍተን እንተላለፋለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

በግራ እጄ ስለ ጻፍኩ ፊደሉ በመንጋደዱ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሰላም ያለበትን ቤት ከእርዳታ ለጠበቁልን ለእርስዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ተከራይ ሰውአገኝ
አከራይ ብርቅዬ (በጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳነብላቸው እትዬ ብርቅዬ በስድስት ዓመት ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ስድብ አወረዱት፤ እኔም አገዝኳቸው። እንግዲህ ጠቡ ተገኝቷልና መዝገብ ይክፈቱልን። ከሳሾች አከራይና ተከራይ፣ ተከሳሽ ደግሞ ቢሮዎ። ቄስ አዝመራውም ለዚህኛው እመሰክራለሁ ብለዋል።