ስለ ሼልቢ ሞኒተር

ኮርነር ብሩክ፣ ኒውፋውንድላንድ
ኖቬምበር 12

ሌስተር፣

"ውዴ" ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንደምን ሰነበትክ ብዬም አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህንማ አውቃለሁ፣ እንዴት እንዳወቅኩ በኋላ ትደርስበታለህ። ስልክህን የማላነሳው ታምሜ አይደለም። በስልክ ስንነጋገር ወይ ትጮኻለህ፣ ወይ ኔትወርክ ተቋረጠ ትላለህ፣ እኔም የያዝኩትን ሳልጨርስ እቀራለሁ። ወረቀት አይቋረጥም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስልህ። እናትህ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ጣለ። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ይዤ ያንን ዳገት ስወጣ ነፍሴ አብራ ትወጣለች፤ ልጆቹ ግን ከኋላ ይዘፍናሉ። ልጅህን ሼልቢን የዓይን ሐኪሟ ባለፈው ወር እንደገና አይታታለች። ከምታየው ነገር መሀል መሀሉ መጥፋቱን ቀጥሏል፣ ጥግ ጥጉ ግን ይቆያል ብላናለች። "ከየት መጣባት?" ብዬ ጠየቅኳት፤ አንተ "ከእነቨርና ወገን ነው" እያልክ ለዘመዱ ሁሉ ስላወራህ። ከሁለታችንም ነው አለችኝ። እኩል። ለወንድምህ ለክላይድም ለእናትህም ነግሬያቸዋለሁ፤ አንተም ስማው።

አሁን ወደ ሞኒተሩ።

ኮምፒውተሩን ስትገጣጥምላት አብረህ የሰጠሃት አሮጌ ስክሪን ለልጅቷ አላገለግል አለ። ያንን የጫካ ተኩስ ጌም የምትጫወተው አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ልትለጥፍ ምንም አይቀራትም። ከዚያ ቅርበት ደግሞ ያ ስክሪን የሚያሳየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። "እማዬ፣ ጥልፍ ከጀርባው እንደማየት ነው" አለችኝ። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቅዳሜ ዕለት ሱቅ ሄድን።

ሻጯ ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን አበራችልን። አንዱ ሰፊና ፈጣን፣ ስዕሉ የማይንቀጠቀጥ። ሌላው አነስ ያለ፣ ግን ጥራቱ ከፍ ያለ፣ ፎርኬ የሚሉት። ሼልቢ አንገቷን ጠመም አድርጋ አንዱን በአፍንጫዋ ልትነካው ደረሰች፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። ሰዉ ዞር ዞር እያለ ያየናል።

"ትንሽ ራቅ ብለሽ ብታዪው ይሻላል፣ የኔ ቆንጆ" አለቻት ሻጯ።

"ራቅ ካልኩ ስክሪኑን ራሱን ነው የማጣው" አለቻት የአንተ ልጅ፣ ሳትቆጣ። "እዚህኛው ላይ ፊደሉ ደረጃ ደረጃ ይሆንብኛል። ያኛው ግን ቀርቤው እንኳ ቅጠሉ ቅጠል ነው።"

እኔ ሞኝ፣ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው እሱ ነው ብዬ ደወልኩልህ። እሷም እንድትሰማህ ብዬ ድምፁን ከፈትኩት። ያልከውን ረስተኸው እንዳይሆን እዚህ ልጻፍልህ።

"ፈጣኑን ውሰጂ። ፎርኬውን ያ ኮምፒውተር አይሸከመውም" አልክ።

"እሷ የወደደችው ግን ጥራት ያለውን ነው" አልኩህ።

"ቨርና፣ እባክሽ! ጥራቱ ለማን ነው? ልዩነቱን አታየው። ለዕውር መስተዋት መግዛት ማለት እኮ ነው!"

ሻጯ አንገቷን ደፋች። እኔ ስልኩን መዝጊያው ጠፋኝ። ሼልቢ ከእጄ ወሰደችውና "አባዬ፣ ድምፁ ክፍት ነው" አለችህ። ይኸው ነው ያለችህ። አንተስ? "አይሰማም፣ ኔትወርኩ..." አልክና ዘጋህ። ሌስተር፣ ኔትወርኩ እንደ ደወል ጥርት ያለ ነበር።

እሷም ስልኬን መለሰችልኝና ወደ ፎርኬው በጣቷ አሳየች። "ይሄኛው" አለች። መኪና ውስጥ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሬዲዮ ከፈተች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ መኪናውን ዳር አስይዤ።

ስለ ኮምፒውተሩ ያልከው ግን እውነት ሆነ፤ አልክድህም። ጌሙ በመጀመሪያው ቀን እንደ ሽማግሌ እየተንገታገተ ነበር የሚሄደው። ሼልቢ የጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ጥላውን አጠፋች፣ የውሃውን ነጸብራቅ አጠፋች፣ ጭጋጉን አጠፋች። "ጠላትና ቅጠል ከታየኝ ይበቃኛል" አለች። አሁን ደህና ይሄዳል። አየህ፣ ችግር ሲገጥማት ዘዴ ትፈልጋለች። ይሄ ከእኔ ወገን ነው።

ከዚያ ክላይድ በጭነት መኪናው ትልቅ ሳጥን ይዞ መጣ። ያንኑ ፈጣኑን ሞኒተር አዘህ ልከሃል! በሩ ላይ ቆሞ "ወንድሜ ነው የላከላት" አለኝ።

"ለወንድምህ መልሰህ ላክለት" አልኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው አዝኖ ነው እኮ።"

"ያዘነ ሰው ሳጥን አይልክም፣ ራሱ ይመጣል። ለምን አብሯት መጫወቱን እንደተወ ታውቃለህ አንተ?"

ክላይድ በመጨረሻ እውነቱን አወጣው። "ዒላማ ስትስት ማየት አልቻልኩም ብሎኛል" አለኝ።

ማየት አልቻልክም? አንተ እኮ ማየት ትችላለህ፣ ሌስተር! ማየት የማትችለው እሷ ናት። እሷ ችላው ነው የምትውለው።

የምትሠራበት ካምፕ ውስጥ ኢንተርኔት ተበላሽቷል ብለህ ነበር። ይህንን ስነግራት ያመነች ይመስልሃል? ከፈረቃ ወጥተህ ጌሙን ስትከፍት ስምህ በስክሪኗ ጥግ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ጥግ ላይ! ልጅቷ አጥርታ የምታየው ቦታ ጥግ ብቻ መሆኑን ረሳኸው እንዴ? ከካምፕ ጓደኞችህ ጋር በዚያው ጫካ፣ በዚያው ጌም ስትተኩስ ታይሃለች። ድሮ እሁድ ከሰዓት እሷ ፊት ፊት እየሄደች ስትተኩስ አንተ ከኋላዋ ትሸፍናት ነበር። ጎረቤቱ እስኪሰማ ትስቁ ነበር። ዓይኗ መታመሙ ሳይታወቅ መሳት ስትጀምር "ነቃ በይ እንጂ!" ብለህ የጮህክባትም አንተው ነህ። የሕመሙ ስም ሲታወቅ ደግሞ ጠፋህ። ያንን ሞኒተር ያስመረጣት ምን እንደሆነ ገባህ? ጌሙ አይደለም። ጎበዝ ብሆን አባዬ ተመልሶ ይጫወታል ብላ ነው። በአፏ አላለችውም። እኔ ግን እናቷ ነኝ።

ሳጥንህን ከፈትኩት። ባልከፍተው ደስ ባለኝ፣ ግን አብሯት የሚጫወት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ክላይድ የልጁን አሮጌ ኮምፒውተር አመጣልኝ፤ እኔም በፈጣኑ ሞኒተርህ ፊት ለፊት ተቀምጬ በዚህ ዕድሜዬ ተኩስ ተማርኩ። ባለፈው ተኩላ ነው ብዬ የገዛ ልጄን መታኋት። "እማዬ፣ ከሁለታችን ዕውሯ ማን ናት?" ብላ ሳቀችብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። አሁን ዘዴ አለን፦ እሷ በማዳመጫዋ ኮቴ ሰምታ "ግራሽ ላይ ናቸው" ትለኛለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እንሞታለን።

ግን ሁልጊዜ እሁድ ሳንጀምር ለአንተ ግብዣ ትልካለች። የግብዣው ምልክት ስክሪኑ ላይ እየበራ ይጠብቅሃል፣ ከዚያ ሼልቢ ራሷ ትዘጋዋለች። ትናንትናም እንዲሁ ሆነ። "አባትሽ ገና አላየውም ይሆናል" አልኳት፤ ለአንተ ብዬ ዋሸሁ። ዞር አለችና "እማዬ፣ ማየት ነው እንጂ ያቃተኝ መስማት አላቃተኝም" አለችኝ። ከዚያ ጠመንጃዋን አጎረሰችና ወደ ጫካው ቀድማኝ ገባች፤ ከኋላዋ ማንም የለም።

እኔ ልሸፍናት ሮጥኩ። ግን እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ ሌስተር።

ለገና ና ብዬ አልለምንህም። ከመጣህ በሩ አይቆለፍም፣ ካልመጣህም አይቆለፍም፤ መቆለፊያው ተበላሽቷል። የመኝታ ቤቱም ማሞቂያ ከሞተ ቆየ። ሠሪ ያልጠራሁት አንተን ጠብቄ እንዳይመስልህ። ብርድ ልብስ ደርቤ እተኛለሁ፣ አልጋው ለአንድ ሰው ሰፊ ነው።

እግዚአብሔር እዚያ ከብርዱም ከማሽኑም ይጠብቅህ። ከእኔ ግን ራስህ ተጠንቀቅ።

አሁንም ሚስትህ፣
ቨርና